ሐዘን ሲጸና መዝሙርን ከየት መጀመር እንደሚገባ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ የበኩር ልጇን በቀበረች በሳምንቱ፣ ይጠቅማታል ብዬ በሰንበት ትምህርት ቤታችን በጣም የምንወደውን የምስጋና መዝሙር በስልኬ ከፈትሁላት። ከበሮው ገና ሳይሞቅ እጇን አንሥታ፣ «ልጄ፣ እባክህ ዝጋው፤ ጆሮዬ እንቢ አለኝ» አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጡት አረጋዊት ጎረቤቷ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ ጠርዙ የተበላውን ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡና በለሆሳስ ያነብቡ ጀመር። «አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ከሚለው ሲደርሱ፣ ከቀብሩ ወዲህ ከ«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በቀር ቃል ያልወጣት አክስቴ ከንፈሯን አላቀቀችና «እስከ መቼ» አለች። ከዚያ በኋላ እርሳቸው እያነበቡ እርሷ «እስከ መቼ» እያለች እየተቀበለች ብዙ ቆዩ። እኔም ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ዝም አልሁ።

መዝሙሩ ምንም ክፋት አልነበረበትም፤ የተሳሳትሁት ቅደም ተከተሉን ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 25 ቁጥር 20 ላይ፣ ላዘነ ልብ የሚዘምርን ሰው በብርድ ቀን ልብስ ከሚገፍፍና በቁስል ላይ ሆምጣጤ ከሚጨምር ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ለብዙ ዓመታት መዘምር ሆኜ ስኖር ይህ ቃል በመዘምራን ጉባኤ ሲነበብ አንድም ቀን አልሰማሁም፤ ቢነበብልን ግን ከብዙ ስሕተት በጠበቀን ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው መንገድ ካደግሁበት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተቀዳ ነው፤ ሆኖም መነሻው ዳዊት ስለሆነ የካቶሊክም ሆነ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመን ሊጠቀምበት ይችላል።

በመጀመሪያ ሐዘንዎን የሚናገርልዎትን መዝሙር ይፈልጉ

ብዙ ሰው ሲያዝን ወዲያውኑ የሚያስደስት መዝሙር ይፈልጋል፤ ሳያስደስተው ሲቀር ደግሞ እምነቱ የጎደለ ይመስለውና በሐዘኑ ላይ ጸጸት ይጨምርበታል። መዝሙረ ዳዊትን ገልጦ ያየ ሰው ግን እሮሮ ምን ያህል ስፍራ እንደያዘበት ያስተውላል። ለእግዚአብሔር «ለምን?» እና «እስከ መቼ?» ማለት ከጸሎት ውጭ የሆነ ድፍረት ቢሆን ኖሮ በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ባልተጻፈም፣ ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» የሚለውን የዳዊት ቃል ባልወሰደም ነበር።

ስለዚህ መዝሙር ሲመርጡ «የትኛው ያበረታኛል?» ከማለት በፊት «የእኔን ነገር የሚናገርልኝ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። በሞት የተለየ ሰው ላለበት ወይም ተስፋው ለደከመበት፣ አክስቴ የተቀበለችው መዝሙር 12 አጭር ስለሆነ ለመጀመሪያ ይመቻል፤ በ«እስከ መቼ» ተጀምሮ በጥቂት ቁጥሮች ውስጥ «እዘምራለሁ» ወደሚል ቃል ይደርሳል። በበደሉ ምክንያት የሚጨነቅ ሰው ቦታው መዝሙር 50 ነው፤ «አቤቱ፣ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ ክርስቲያን ጥቂት ነው። ረዳት ያጣ ሰው «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» የሚለውን መዝሙር 120፣ በፍርሃት እንቅልፍ ያጣ ደግሞ መዝሙር 90ን ይያዝ። ሐዘኑ እጅግ የከበደበት ሰው መዝሙር 87ን ያንብብ፤ ይህ መዝሙር እንደ ሌሎቹ መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና አይመለስም፣ በጨለማ እንደ ጀመረ በጨለማ ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን ከሌሎቹ ጋር ማቆየቷ፣ እንዲህ ያለው ቀንም በጸሎት ውስጥ ቦታ እንዳለው ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። እኔ የምጠቅሰው በግእዙ ዳዊት ቁጥር ነው። በሌሎች የመጽሐፍ ቅዱስ እትሞች አብዛኛው መዝሙር በአንድ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በአንዱ 22፣ በሌላው 23 ይሆናል። ስልክ ላይ ፈልገው ያልጠበቁት መዝሙር ከመጣብዎ አንድ ጨምረው ይመልከቱ።

ከሁሉም በላይ ግን መዝሙር 41ን ልብ እንዲሉት እመክራለሁ። «ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ይላል። በአማርኛችን ነፍስ በአንስታይ ጾታ ስለምትጠራ ይህ አነጋገር አንዲት ያዘነች እኅት ወይም ልጅ አጠገብ ተቀምጦ የሚያባብል ሰው ድምፅ ይሆናል። ዘማሪው ለነፍሱ ጥያቄ እያቀረበላት አብሯት ይቀመጣል እንጂ አይቆጣትም። ይህን መዝሙር የሚጸልይ ሰው በዚያው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ሊጸልየው ይገባል፤ በችኮላ ከተነበበ ተግሣጽ ይመስላል።

አንዱን ይያዙ

ከላይ ብዙ ቁጥር የዘረዘርሁት ለምርጫ እንዲመች ነው እንጂ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያዝ አይደለም። ሐዘንተኛ ልብ ብዙ ነገር መሸከም አይችልም። አንድ መዝሙረ ዳዊት፣ ከእርሱ ጋር ደግሞ አዝማቹ አጭር የሆነ አንድ የአማርኛ መዝሙር ይምረጡና ቢያንስ ለአርባ ቀን አይለውጧቸው። አርባውን ያነሣሁት ለሞተ ሰው እስከ ተዝካሩ ድረስ ሣልስቱን፣ ሰባቱን፣ ሠላሳውን እየቆጠርን የምናስበው በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ያለ ማንም አስታዋሽ የሚያውቀው ልክ ስለሆነ ነው።

የመረጡትን መዝሙር ግጥም በእጅዎ በወረቀት ላይ ይገልብጡት። ስልክ ላይ ጽሑፉ አለ ብለው አይተዉት፤ እጅ ሲጽፍ ዓይን በንባብ ጊዜ የዘለለውን ቃል ያገኘዋል፣ ከሌላ ጊዜ ይልቅም እንባ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ይምጣ። ወረቀቱን ከውዳሴ ማርያም መጽሐፍዎ ውስጥ ወይም ከትራስዎ አጠገብ ያኑሩት፤ ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ ሳያዩት መድገም ይጀምሩ።

በቃል ማጥናትን አጥብቄ የምመክርበት ምክንያት አለኝ። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን «የቃል ትምህርት» የሚባለው ሌሊት፣ መብራት በሌለበት፣ መምህሩ እያሉ ተማሪው እየተቀበለ የሚያጠናው ነው። ተማሪው ያንን ትምህርት ዕድሜ ልኩን ጨለማ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል፤ መጽሐፍ ቢጠፋ፣ ዓይን ቢፈዝ ከእርሱ ጋር ይኖራል። ሐዘንም የሚበረታው መጽሐፍ መግለጥ በማይቻልበት ቦታ ነው፤ በታክሲ ውስጥ፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ወጥ እየተሠራ ሽንኩርት በሚቁላላበት ሰዓት። በዚያን ጊዜ የሚገኘው በቃል የተያዘው ብቻ ነው።

«ድምፄ አያምርም» ወይም «ዜማ አልችልም» የሚል ሰው ቅዱስ ያሬድን ያስብ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው ይህ ሊቅ፣ በትውፊታችን እንደሚነገረው፣ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩን አባ ጌዴዎንን ጥሎ የሸሸ ልጅ ነበር፤ የተመለሰውም አንድ ትል ዛፍ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲሳካለት አይቶ ነው። ደግሞም የሐዘን መዝሙር ለጉባኤ አይቀርብም፤ ማንጎራጎር ይበቃል። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ወይም ቡና ሲለቅሙ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ የሚያዜሙትን ዜማ ሰምቶ ያላደገ ማን ነው?

ድምፅ ማውጣቱ ግን አይቅር። በጆሮ ብቻ የሚሰማ መዝሙር ከሌላ ሰው አፍ የመጣ ማጽናኛ ሆኖ ይቀራል፤ በራስ አንደበት ሲባል እስትንፋስን ይይዛል፣ ትንፋሹም ከስንኙ ጋር ለመሄድ ሲል ይረዝማል፣ ደረትን ጨምድዶ የያዘው ነገር ጥቂት ይላላል። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መዝሙር 22ን አንድ ጊዜ በልብዎ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ድምፅ አውጥተው ይድገሙትና ልዩነቱን ራስዎ ይመልከቱ።

ሌሊቱን በተመለከተ

ልቅሶ ቤቱ ሰው በሞላበት ሰሞን ቀኑ ይመሻል። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ የዕድሩ ወንበርና ብረት ድስት ተመልሶ፣ ዘመድ ወደየቤቱ ሲሄድ ግን ሌሊቱ ይመጣል። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ጀርባቸው ተገርፎ፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሳሉ የዘመሩት በመንፈቀ ሌሊት እንደነበረ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ይተርካል። የብዙ ሰው ዓይን የወኅኒው መሠረት በተናወጠበት ቦታ ላይ ይቆማል፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለው ደቂቃ ይበልጥብኛል። ሲዘምሩ ገና በሩ ዝግ ነበር፣ ሰንሰለቱም አልተፈታም ነበር፣ ሌሎቹ እስረኞችም ያዳምጧቸው ነበር።

ለሌሊት አንድ የተወሰነ ሰዓት ይለዩ፤ ለምሳሌ መብራት ከማጥፋትዎ በፊት ያሉትን አምስት ደቂቃዎች። በዚያ ሰዓት የመረጡትን መዝሙር ሁለት ጊዜ ብቻ ይበሉት። ኃይል ካለዎት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይጨምሩ፤ ከሰኞ እስከ እሑድ በሰባት ተከፍሎ የተዘጋጀ ስለሆነ የትኛውን እንደሚጸልዩ መምረጥ አያስፈልግዎትም፣ ለተጨነቀ አእምሮ ደግሞ ከምርጫ መገላገል ራሱ ዕረፍት ነው። ከእንቅልፍዎ ባንነው ከተነሡ ያንኑ መዝሙር ከመሐሉ ይጀምሩት፤ ከመጀመሪያው እንዲሆን የሚያስገድድ የለም።

የማልመክረው ነገር ቢኖር ስልክን ከፍቶ መዝሙር ሲፈስስ ማደርን ነው። አንዳንዶች ያለ እርሱ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ይነግሩኛል፤ ለጥቂት ቀን ከሆነ አልቃወምም። ወራት ሲያልፉ ግን መዝሙሩ እንደ ማቀዝቀዣ ድምፅ ይሆንና ጆሮ መስማቱን ይተዋል። ከዚህም ሌላ ዩቲዩብ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ራሱ እየመረጠ ስለሚያጫውት፣ በገና ሰምተው የተኙ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሠርግ ዘፈን ሊነቁ ይችላሉ።

በገናን ካነሣሁ አይቀር፣ ምንም ዓይነት ከበሮና ጭብጨባ መስማት ለከበደው ሰው ከበገና የተሻለ አላውቅም። ዐሥሩ አውታሮቹ እየጎረነኑ አንዱን ሐረግ ደጋግመው ይመላለሱበታል፣ ደርዳሪውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር ሰው ያዜማል። የሳኦል መንፈስ በተጨነቀ ጊዜ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። በእኛ አገር ከሌላው ጊዜ ይልቅ በዐቢይ ጾም መደመጡም ለሐዘን ቅርብ መሆኑን ይመሰክራል።

ከበሮው የሚመለስበት ጊዜ

በሐዘን መዝሙር ይጀመር ማለት በዚያው ይቀር ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን የዓመት ዑደት ከማንኛውም መካሪ ይልቅ ይረዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከበሮና ጽናጽል ይቀመጣሉ፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ እየዘመሙ ይቆማሉ። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ መስቀል መሳለምና ሰላምታ መለዋወጥ ይቀራል፣ ሕዝቡ እየሰገደ ይውላል። ከዚያ በኋላ የትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ፣ ዝም ብሎ የቆየ መሣሪያ ስለሆነ ድምፁ ከሌላ ጊዜ የተለየ ይመስላል። ሐዘንተኛ ይህን ዑደት አንድ ጊዜ በሙሉ ልብ ቢከተል፣ ደስታውን ራሱ ለመፍጠር ሳይታገል በወቅቱ ይደርስበታል። ለእያንዳንዱ ሰው ልብ የፋሲካው ቀን ከቀን መቁጠሪያው ጋር ይገጥማል ማለቴ አይደለም፤ ሁለትና ሦስት ጾም የሚፈጅበት ሰው አለ።

ደስ የሚያሰኘው መዝሙር ሲመለስም ሐዘኑን ረስቶ የመጣ አይደለም። ሊቃውንቱ ስለ ከበሮ የሚሰጡትን ትርጓሜ በቅርብ የተመለከተ ይህን ይረዳል። ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ አፉ የትስብእት (ሰው የመሆኑ) ምሳሌ ነው ይላሉ፤ በላዩ የለበሰው ጨርቅ ለጌታ በመዘበት ያለበሱት ልብስ፣ ዙሪያውን ተጠላልፎ የተወጠረበት ጠፍር ደግሞ በሰውነቱ ላይ የታየው የግርፋቱ ሰንበር ነው። መዘምሩ በፋሲካ ማለዳ በደስታ የሚመታው ያንን ሰንበር በደረቱ ታቅፎ ነው። በዜማ መጽሐፉ በድጓ መስመሮች መካከል የሚጻፉት የዜማ ምልክቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ይዘት መያዙን፣ ጭረት የግርፋቱን ምልክት፣ ርክርክ የደሙን መንጠባጠብ ያሳስባሉ ተብለው ይተረጎማሉ። በሃሌ ሉያው ላይ ርክርክ ተጽፎ ያየ ሰው፣ ከምስጋና በፊት ሐዘኑን ከልቡ ጠርጎ ማውጣት እንዳለበት አያስብም።

አክስቴን በስልኬ ከበሮ ባስጨነቅኋት ቀን ይህን ትርጓሜ አውቀው ነበር፤ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ከሐዘንተኛ ፊት ሲደርስ ግን ምን እንደሚጠቅም አላሰብሁም ነበር።

ድምፅ ሲጠፋ የሌሎችን ድምፅ መዋስ

ከንፈርን ማንቀሳቀስ እንኳ የማይቻልባቸው ቀኖች አሉ። በእነዚያ ቀኖች ቤት ከመቅረት ይልቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱና ሳይዘምሩ ይቁሙ። መቆም ካልቻሉ ግድግዳውን ተጠግተው ይቀመጡ። ቅዳሴው በካህኑ፣ በዲያቆኑና በሕዝቡ መካከል እየተቀባበለ የሚሄድ ስለሆነ፣ እርስዎ ዝም ባሉበት ቦታ ከጎንዎ ያሉት ይመልሱልዎታል።

ይህ መቀባበል በትንሣኤ አዋጅ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከፋሲካ ጀምሮ ለ50 ቀናት ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ይላል፤ «አሠሮ ለሰይጣን» ሲሉ «አግዐዞ ለአዳም» ይመለሳል፤ «ሰላም» ሲሉ «እምይእዜሰ»፣ «ኮነ» ሲሉ ደግሞ «ፍሥሐ ወሰላም» ተብሎ ይፈጸማል። ካህኑ ዓረፍተ ነገሩን ጀምረው ሌላውን ለሕዝቡ ይተዉለታል። በአማርኛ፣ ክርስቶስ በታላቅ ኃይልና ሥልጣን ከሙታን ተነሣ፣ ሰይጣንን አሠረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው፣ ከእንግዲህስ ደስታና ሰላም ሆነ ማለት ነው፤ «እምይእዜሰ» የምትለዋ ቃል «ከእንግዲህስ» ማለት ናት። ሐዘንተኛ ሰው ሁሉንም መመለስ ባይሆንለት ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ቢመልስ፣ የቀረውን ሰው ሁሉ ይጨርስለታል። ልጁን ቀብሮ የመጣ ሰው «ከእንግዲህስ» ሲል የሚሰማው ነገር ሌላው ከሚሰማው ይለያል፤ ቢሆንም አዋጁ አንድ ነው።

በቤትም ቢሆን ከራት በኋላ ቤተሰቡ አንድ መዝሙር አብሮ ቢዘምር፣ ልጆች አዋቂዎቹ ስለ ሞተው ሰው መናገር ያልቻሉትን እዚያ ያገኙታል። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉበት ወቅት ምእመናኑ በየመኖሪያ ቤቱ እየተሰበሰቡ ይዘምሩ ነበር፤ መዝሙር የሰፊ አዳራሽና የድምፅ ማጉያ ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ያንን ዘመን ካለፉ ሰዎች ቢጠይቅ ይጠቀማል።

በሰው አገር፣ በተለይም በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን ጉዳይ የተለየ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ የማይቻልበት፣ ድምፅ አውጥቶ መዘመር የማይታሰብበት ቤት ብዙ ነው። መዝሙር 136 ለእነርሱ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ቅርብ ነው፤ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ያለቀሱ ምርኮኞች «የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን?» ይላሉ፤ መዘመር አልቻልንም ማለቱም ራሱ መዝሙር ሆኖ ቀርቷል። ተግባራዊ የሆነው ምክር ከአገር ቤት ካለ አንድ ሰው ጋር ሰዓት መቃጠር ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌትና ቤይሩት ያለች እኅት ሰዓቷ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው (ቤይሩት ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እስከ መጋቢት ድረስ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይላል)፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እናት ጎንደር ውስጥ ማታ በሦስት ሰዓት «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ስትል ልጅ ሪያድ ውስጥ በወጥ ቤት ዕቃ እያጠበች ያንኑ በልቧ ብትል፣ ያለ ስልክና ያለ ካርድ አብረው ጸለዩ ማለት ነው። ዋሽንግተን ላለ ሰው ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ስለሆነ የእርሱን የቀትር ዕረፍት ከቤተሰቡ የማታ ጸሎት ጋር ማጋጠም ይሻላል።

ሌላውን ለማጽናናት ሲሄዱ

ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ መዝሙር ከመጀመር በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውም «እንዘምርልሽ?» ሳይሆን «እርሱ የሚወደው መዝሙር የትኛው ነበር?» ቢሆን ይመረጣል፤ የመጀመሪያው እሺታን ያስገድዳል፣ ሁለተኛው ግን ስለ ሟቹ እንድትናገር በር ይከፍታል። መልስ ካልመጣ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ሙሾ እየወረደ ባለበት ሰዓት ደግሞ መዝሙር በላዩ ጭኖ ለማስቆም መሞከር ብልህነት አይመስለኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ከመጠን ያለፈ ልቅሶን ብትከለክልም፣ ያንን ማስተማር የሚገባው አስከሬን በተኛበት ሰዓት አይደለም።

የታመመ ሰው ሲጠይቁ ሁለት ስንኝ ይበቃል፣ ያውም ዝቅ ባለ ድምፅና የሌሎቹን ሕሙማን ፈቃድ ጠይቆ። በሽተኛው መናገር ቢሳነው እጁን ይዘው አዝማቹን ብቻ ይበሉለት፤ ከልጅነቱ የሚያውቀው ከሆነ ከንፈሩ ሊከተል ይችላል። ቡድን ሆኖ ሄዶ፣ በሽተኛው ላብ እየጠመቀው ሙሉ መርሐ ግብር ማቅረብን ግን ማንም አይሞክረው።

ተስፋውን ስለሚናገሩት ቃላት

በዜማው ተስበን ግጥሙን ሳንመረምር የምንይዛቸው መዝሙሮች አሉ። መዝሙሩ የታመመው ሁሉ በነጋታው እንደሚነሣ፣ ያመነ ሰው እንደማያለቅስ የሚናገር ከሆነ ለሐዘን ጊዜ አይሆንም፤ ነገሩ እንደ ግጥሙ ሳይሆን ሲቀር ሰውየው ከመዝሙሩ ጋር እምነቱንም ሊጥል ይችላል። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ» አላቸው፤ ማዘንን አልከለከለም፣ ዓይነቱን ለየ እንጂ። ጌታም አልዓዛርን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አቅራቢያ እንባውን አፍስሷል። ትንሣኤን የሚናገር፣ እንባንም የማያሳፍር መዝሙር ሲያገኙ እርሱን ይያዙ። በምሴተ ሐሙስ ጌታችን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር መዝሙር ዘምሮ ወደ ደብረ ዘይት እንደወጣ ማቴዎስ ጽፏል፤ ያም መዝሙር ከመከራው አላስቀረውም፣ ወደ መከራው ሲሄድ ግን በአፉ ነበረ።

ደግሞም መዝሙር የማይተካቸው ነገሮች አሉ። ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለ፣ ከአልጋ መነሣት ካቃተ፣ በተለይም «ምነው በሞትሁ» የሚል አሳብ ከተመላለሰ፣ ለንስሐ አባት መንገርና ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ጠበልም መዝሙርም ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ ያጣላቸው ሰው ካለ የእርሱን ምክር አይቀበሉ።

በመጨረሻ የሚያጋጥመው ደግሞ ድንገተኛው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠነቀቁ ከርመው፣ በማያውቁት ሰው መኪና ውስጥ ሟቹ ይወደው የነበረው መዝሙር ይከፈትና ሁሉም እንደ አዲስ ይመጣል። ወደ ኋላ የተመለሱ መስሎዎት አይደንግጡ። ቢችሉ አያዘጉት፤ ባይችሉ ያዘጉትና ሌላ ቀን፣ በራስዎ ጊዜ፣ ብቻዎን ሳይሆኑ ይክፈቱት።

አክስቴ እንዲሁ አደረገች። በልጇ ሙት ዓመት እንግዳው ተመግቦ ሲያበቃ ጠርታኝ፣ «ያን ጊዜ ዝጋው ያልሁህ መዝሙር አለ?» አለችኝ። ስፈልግ ቆየሁና ከፈትሁላት። እስከ ሁለተኛው ስንኝ አብራኝ ተቀመጠች፤ ከዚያ ነጠላዋን በዓይኗ ላይ አድርጋ ተነሣችና ወደ ጓዳ ገባች። ልዝጋው አልዝጋው እያልሁ ሳመነታ፣ ሳህን ከሚያጥቡት ሴቶች መካከል የእርሷ ድምፅ ከዜማው ጥቂት ዘግየት ብሎ አዝማቹን ሲቀበል ሰማሁት።